ከማዕድን ጉድጓድ እስከ አትክልት ስፍራ፤ የቀይ ቆቡ ድንክ ታሪክ

በጀርመን ወይም በእንግሊዝ አገር በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል የሚዘዋወር እንግዳ፣ ከአጥሩ ባሻገር በአበባውና በሣሩ መካከል ቀይ ሹል ቆብ የደፋ፣ ነጭ ጢሙን ያንዠረገገ፣ ቁመቱ ከሰው ጉልበት የማያልፍ የሽማግሌ ምስል ቆሞ ያገኛል። አንዱ ዶማ ተሸክሟል፤ ሌላው ፋኖስ ይዟል፤ ሦስተኛው የእጅ ጋሪ ይገፋል። ብዙ ሰው ይህን ድንክ ምስል እንደ ሕፃናት መጫወቻ ቈጥሮ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያውን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል። ለአትክልተኛ ፋኖስ ምን ያደርግለታል? መልሱ ሽማግሌው በመጀመሪያ አትክልተኛ ሳይሆን ማዕድን ቈፋሪ የነበረ መሆኑ ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሳክሶኒና በቦሄሚያ ተራሮች የብር ማዕድን በብዛት ይቈፈር ነበር። ቈፋሪዎቹ በጨለማ ውስጥ የድጋፍ እንጨት ሲንቋቋ፣ ድንጋይ ሲሰነጠቅ፣ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማሉ፤ ድምፁንም ከመሬት በታች ከሚኖሩ ትናንሽ ፍጡራን የሚመጣ አድርገው ይተረጕሙት ነበር። በዮአኪምስታል ከተማ ሐኪም የነበረው ጌኦርጊዮስ አግሪኮላ በ1549 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እነዚህ ፍጡራን ጽፏል። እንደ እርሱ አገላለጽ፣ ፍጡራኑ እንደ ቈፋሪዎቹ ለብሰው፣ የሚቈፍሩና የሚሸከሙ መስለው ይታያሉ፤ በእውነቱ ግን አንዳች ሥራ አይሠሩም።

ለእነዚህ ፍጡራን «ግኖሙስ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ደግሞ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ፓራሴልሰስ ነው። ሰው በአየር ውስጥ እንደሚመላለስ ሁሉ እነርሱም በአፈርና በዐለት ውስጥ ያለ መሰናክል ይመላለሳሉ ሲል አስተማረ። ይኸው ሰው ስለ ማዕድን ሠራተኞች የሳንባ ሕመም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። አግሪኮላም በበኩሉ፣ በካርፓትያ ተራሮች የጉድጓዱ አቧራ ባሎቻቸውን እየገደለባቸው እስከ ሰባት ጊዜ ያገቡ ሴቶች እንደ ነበሩ መዝግቧል። ስለዚህ የድንኩ ተረትና የሠራተኛው ሞት የተጻፉት በአንድ ዘመን፣ በእነዚሁ ሐኪሞች እጅ ነው። ተረቱ በየዕለቱ ለሚያሰጋ አደጋ የተሰጠ ስም ነበር።

የዚህ እምነት አሻራ በኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ እስከ ዛሬ ይገኛል። ብር የያዘ መስሎ፣ በእሳት ሲነጠር ግን መርዘኛ የአርሴኒክ ጢስ ብቻ የሚያወጣውን ድንጋይ ቈፋሪዎቹ ተንኰለኛው «ኮቦልድ» የለወጠው ነው ይሉ ነበር። በ1730ዎቹ ስዊድናዊው ጌኦርግ ብራንት ከዚህ ዐይነቱ ድንጋይ አዲስ ብረት ለይቶ ባወጣ ጊዜ «ኮባልት» የሚለው ስም ጸና። በ1751 በአክሰል ክሮንስቴት የተገኘው ኒኬልም ስሙን የወረሰው ከእንዲህ ያለ መንፈስ ነው።

ከጉድጓዱ ወደ አትክልቱ የተደረገው ጉዞ በባለጸጎች በኩል አለፈ። በሳልዝበርግ በሚራቤል ቤተ መንግሥት፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሊቀ ጳጳሱ ዘመን ከእብነ በረድ የተቀረጹ ድንኮች ቆመው ነበር። በ1847 ደግሞ ሰር ቻርልስ አይሻም የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን ከኑረንበርግ 21 የሸክላ ድንኮች አስመጥቶ በላምፖርት ርስቱ፣ ራሱ በካበው የድንጋይ ኮረብታ ላይ አቆማቸው። ድንኮቹ በዚያ የሚቈፍሩ ቈፋሪዎች መስለው ይታዩ ነበር። ከእነርሱ መካከል እስከ ዘመናችን የደረሰው አንድ ብቻ ሲሆን፣ በብዙ ገንዘብ ዋስትና ተገብቶለት በክብር ይጠበቃል።

ሁኔታውን የለወጡት የቱሪንግያ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ በግሬፈንሮዳ መንደር የፊሊፕ ግሪብልና የአውጉስት ሃይስነር ወርክሾፖች ድንኩን በብዛት ያመርቱ ጀመር። ጭቃው በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ይደርቃል፤ በእቶን ይተኰሳል፤ በመጨረሻም በእጅ ቀለም ይቀባል። አንድ ቅርጽ ማውጫ ብዙ ምስል ስለሚሰጥ ዋጋው ረከሰ። በ20ኛው መቶ ዓመት ሲሚንቶና ፕላስቲክ ሲተኩ፣ በ1937ም የዋልት ዲዝኒ ፊልም ሰባቱን ማዕድን ቈፋሪ ድንኮች ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ምስሉ ወደ ተራው ሠራተኛ ጠባብ ግቢ ዘለቀ።

ንቀቱም የበረታበት ከዚህ በኋላ ነው። ድንኩ የዝቅተኛ ጣዕም ምልክት ተባለ። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር በታወቀው የቼልሲ ኤግዚቢሽን እንዳይቆም ከልክሎት ኖሮ፣ ክልከላውን ያነሣው ኤግዚቢሽኑ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2013 ነበር፤ ያውም ለዚያ ዓመት ብቻ። በ1988 የሃምቡርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በጋራ ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ጎረቤቶቹ ካልፈቀዱ ድንክ ማቆም አይችልም ሲል ፈረደ። በ1990ዎቹ በፈረንሳይ የተነሡ ወጣቶች በበኩላቸው ድንኮቹን «ነጻ እናወጣለን» እያሉ በሌሊት ከየግቢው ይሰርቋቸውና በየጫካው ያኖሯቸው ነበር። ለእነርሱ ጨዋታ ነበር፤ ለባለቤቶቹ ግን የተነጠቀው ገንዘብ የወጣበት ንብረት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ምንድን ነው? በመኰንኑ ርስት ላይ የቆመውና በሠራተኛው ግቢ የቆመው ድንክ በመልክም በመሣሪያም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ጌጥ፣ ሁለተኛው ብልግና የተባለው ባለቤቱ ስለተለወጠ ብቻ ነው። ጣዕም የሚባለው ፍርድ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ሳይሆን ሰውን ይመዝናል። ድንኩን የሚንቅ ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ምስሉ የብሩን ሀብት ከመሬት ሆድ እያወጡ በአቧራው የሞቱትን፣ ሐውልት ያልቆመላቸውን ሰዎች ልብስ የለበሰ መሆኑን ነው።