ዝቅተኛ ወለል ያለው የከተማ ባቡር

ወለሉ ከመሳፈሪያው ጋር የተቀራረበ፣ ደረጃ ሳይወጡ የሚሳፈሩበት የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ጅቡቲ ከተማ ይህ ዓይነት ባቡር የላትም፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ተሽከርካሪዎች ግን ከቻይናው ቻንግቹን ፋብሪካ ተነሥተው የገቡት በወደቧ በኩል ነው።

ከባዱ ጣጣ ያለው መንኮራኩሩ ላይ ነው። ወለሉ ዝቅ ሲል የግራና የቀኙን መንኮራኩር የሚያገናኘው አክስል ቦታ ያጣል። አክስሉ ቢቀር ደግሞ ለየብቻ የሚዞሩት መንኮራኩሮች የሐዲዱን መሃል መጠበቅ ስለሚያቅታቸው ቶሎ ይበላሉ። የአዲስ አበባው ባቡር የመረጠው መካከለኛውን መንገድ ነው፦ ከወለሉ 70 በመቶ ያህሉ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ሞተር ባለባቸው ሁለት ጫፎች ለመቀመጥ ከውስጥ ደረጃ መውጣት ግድ ነው። ዘንቢል ላንጠለጠለች እናት ያቺ ደረጃ ቀላል አይደለችም።

ወለሉን ሙሉ በሙሉ ዝቅ ማድረግም መዘዝ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የሲመንስ ኩባንያ ሙሉ ዝቅተኛ ወለል ያላቸው ኮምቢኖ የተባሉ ባቡሮች አካል ድክመት ተገኝቶበት ለጥገና ተጠርተዋል። የገበያው ፉክክርም ባቡር አምራቾችን አሰባስቧል፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ግዙፍ የቻይና አምራቾች ተዋሕደው ሲአርአርሲ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አልስቶም የቦምባርዲየርን የባቡር ክፍል ገዛ። ለገዢ ከተማ ግን ከዋጋው በላይ የሚያሳስበው መለዋወጫው ነው፤ በአዲስ አበባ በርካታ ባቡሮች መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል።