ቡናን ስንቅ ለማድረግ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የኦሮሞ ዘማቾችን ስንቅ ይገልጻል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘማቾቹ ቡናውን ቆልተው ያደቅቁታል፤ በቅቤ ለውሰው ያድቦለቡሉታል፤ በቆዳ ከረጢት ከተው ይነሣሉ። አንዷ ድቡልቡል ሰውን ቀኑን ሙሉ አበርትታ ታውለዋለች፣ ከዳቦና ከሥጋም ይልቅ ኃይል ትሰጣለች ሲል ጽፏል። እሳት አይነድም፣ ውሃ አይጣድም፣ የሚታጠብ ዕቃም የለም። በዚያው ዘመን ከቤቱ የወጣ የለንደንና የፓሪስ ሰው ቡና ሲያምረው ቡና ቤት ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ እስኪቀዳለት መጠበቅ ነበረበት። መንገድ ላይ ያለ ሰው ቡናውን እንዴት ይያዝ ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት ቀደምት መልሶች አንዱ የተገኘው እንግዲህ እዚሁ በቡና አገር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሰው ቡናውን ልጠጣው ሲል ነው። የተፈላ ቡና ለመንገድ አይመችም። አተላው ካልዘቀጠ አይጠጣም፤ ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል፤ ካደረ ደግሞ ጣዕሙ ይለወጣል። ዛሬ የፍሬንች ፕሬስ ኩባያ የሚባለው የመንገደኛ ዕቃ እነዚህን ሁሉ ባንድ ላይ ለመፍታት የተሠራ ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ የመንገድ ኩባያ ይመስላል፦ ረዘም ያለ፣ ግድግዳው ድርብ የሆነ፣ ጥብቅ ክዳን ያለው። ልዩነቱ ክዳኑን አቋርጦ በሚያልፈው ዘንግ ላይ ነው። በዘንጉ ጫፍ የኩባያውን ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ የብረት ወንፊት ተገጥሟል። ግርድፍ ሆኖ የተፈጨ ቡና ይጨመርበታል፤ ፍላቱ በረድ ያለለት ውሃ ይፈስበታል፤ አራት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ዘንጉ ቀስ ተብሎ ወደ ታች ይገፋል። አተላው ከሥር ይታመቃል፣ ቡናው ከላይ ይቀራል፣ ባለቤቱም ከዚያው ከኩባያው እየጠጣ መንገዱን ይቀጥላል።

ዕቃው ቀላል ነው። እዚህ ለመድረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ሲሆን የቆርቆሮ፣ የመስታወት፣ አልፎም የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች እጅ አስፈልጎታል።

ጅምሩ ፓሪስ ነው። በ1852 ሜየርና ዴልፎርዥ የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ የቡና ማፍያ ንድፍ በፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ሐሳባቸው የተበሳሳ ቆርቆሮ በሁለት የፍላኔል ጨርቅ መካከል አስገብቶ፣ ከዘንግ ጋር አያይዞ፣ ቡናው በተዘፈዘፈበት ዕቃ ውስጥ ወደ ታች መግፋት ነበር። የዛሬው ፍሬንች ፕሬስ አሠራር በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። የጎደለው ልክ ነው። ወንፊቱ ከግድግዳው ጋር ካልገጠመ አተላው በዳር በዳሩ ሾልኮ ይወጣል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ዘንጉ አልወርድ ይላል። ያንን ልክ በየዕቃው ላይ ደጋግሞ ማግኘት ለዘመኑ የብረት ሥራ ቀላል አልነበረም። ጨርቁም ቢሆን ቡና አንዴ ከነካው ሽታውን ይዞ ይቀራል። የሁለቱ ፓሪሳውያን ሐሳብ ትክክል ቢሆንም ሳይስፋፋ ረጅም ጊዜ ቆየ።

መፍትሔው የመጣው ከሚላኖ ነው። አቲሊዮ ካሊማኒና ጁሊዮ ሞኔታ የተባሉ ጣሊያኖች በ1920ዎቹ መጨረሻ ባስመዘገቡት ንድፍ፣ በወንፊቱ ዙሪያ ጥምዝምዝ ስፕሪንግ አዞሩበት። ስፕሪንጉ ወንፊቱን በሁሉም አቅጣጫ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል፤ ግድግዳው አንድ ወጥ ባይሆን እንኳ በሰፋበት ይለጠጣል፣ በጠበበበት ይኮማተራል። ሜየርና ዴልፎርዥን ያስቸገረው የልክ ጉዳይ በአንድ ቁራጭ ሽቦ ተፈታ። ንድፉ በ1931 የአሜሪካን የፈጠራ መብት አገኘ፤ ይኸው ስፕሪንግ ዛሬም በገበያ ላይ ባሉት አብዛኞቹ ፍሬንች ፕሬሶች ወንፊት ዙሪያ ይገኛል። ዕቃው በፈረንሳይ ስም ቢጠራም፣ በእርግጥ እንዲሠራ ያደረገው ክፍል የጣሊያኖቹ ነው። ስማቸው ከቡና ወዳጆች መካከል ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

በ1958 ፋሊዬሮ ቦንዳኒኒ የተባለ ሌላ ሰው የተሻሻለ ንድፍ አስመዘገበ። ማፍያው ሻምቦር የሚል ስም ወጣለትና ፈረንሳይ ውስጥ ክላሪኔት ይሠራበት በነበረው የማርቲን ፋብሪካ መመረት ጀመረ። ክላሪኔት ሠሪ ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለም፤ ቀጭን ብረት ማጠፍና ትንንሽ ክፍሎችን ያለ ክፍተት ማጋጠም የዕለት ሙያው ነው። ከዚያ ፋብሪካ የወጣው ባለ መስታወት ማፍያ፣ በሚያብረቀርቅ የብረት እግሮቹ ላይ ቆሞ፣ በፈረንሳይና በብሪታንያ ቤቶች ገባ። በ1965 በወጣው ዘ ኢፕክሬስ ፋይል በተሰኘው የስለላ ፊልም መጀመሪያ ላይ ማይክል ኬን የሚጫወተው ሃሪ ፓልመር ከእንቅልፉ ተነሥቶ ቡናውን ፈጭቶ በፍሬንች ፕሬስ ሲያዘጋጅ ይታያል። ሻይ ጠጪ በሆነ አገር፣ ብቻውን የሚኖር ወንድ በጠዋት ለራሱ ይህን ያህል ሲጠነቀቅ መታየቱ የገጸ ባሕሪውን ጠባይ ከንግግር በላይ ይገልጻል።

ዕቃውን በዓለም ዙሪያ ያዳረሰው የዴንማርኩ ቦዱም ነው። ፒተር ቦዱም በ1944 በኮፐንሃገን የመሠረተው ይህ ኩባንያ በ1974 ቢስትሮ የተባለ የራሱን ፍሬንች ፕሬስ አወጣ፤ በ1991 ደግሞ የሻምቦርን አምራች ጠቅልሎ ገዛ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ፍሬንች ፕሬስ ሲባል በሰው ዓይነ ሕሊና የሚመጣው የሻምቦር ቅርጽ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ግን ማፍያው የቤት ዕቃ ነው። መስታወቱ ይሰበራል፤ ቡናው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል። ለመንገድ የሚሆነው ግማሽ ታሪክ የተጻፈው ከቡና ጋር ጨርሶ ግንኙነት በሌለው ቦታ ነው። ጄምስ ዲዋር የተባለው ሳይንቲስት በ1892 ለንደን ውስጥ እጅግ የቀዘቀዙ ፈሳሽ ጋዞችን ለማቆየት ድርብ ግድግዳ ያለው ጠርሙስ አሠርቶ በመካከሉ ያለውን አየር አስወጣ። አየር በሌለበት ክፍተት ሙቀት በቀላሉ አይሻገርም። ዲዋር ግኝቱን በፈጠራ መብት አላስከበረም። ጀርመናዊው የመስታወት ባለሙያ ራይንሆልድ ቡርገር ይኸው ጠርሙስ ለቤትም እንደሚጠቅም አስተዋለ፤ የብረት ልባስ አበጀለት፤ መብቱንም አስመዘገበ። ቴርሞስ የሚባለው ኩባንያ በ1904 ተቋቋመ፤ ዲዋር ቢከስም ተረታ። በ1913 ደግሞ አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ዊልያም ስታንሊ ጠርሙሱን ውስጥና ውጭ ብረት አደረገው። ወድቆ የማይሰበረው፣ የሚገፋ ዘንግም የማይጎዳው ግድግዳ ያኔ ተገኘ።

ኢትዮጵያውያን ፔርሙስ የሚሉት ዕቃ ይህ ነው። በአዲስ አበባ መናኸሪያዎችና የግንባታ ቦታዎች ቡናና ሻይ በፔርሙስ ይዘው የሚሸጡ ሴቶች በማለዳ ከቤታቸው የሚወጡት በዚህ ፈጠራ ተማምነው ነው። ፔርሙስ ግን የሚሸከመው ተፈልቶ ያለቀውን ቡና ነው። የጠዋቱ ቡና እስከ ቀትር ትኩስ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ መዓዛው ግን አብሮት አይቆይም።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ለመንገደኛ ሌሎች ሁለት መልሶች ሰጠ። አንደኛው በሙቅ ውሃ የሚሟሟ ዱቄት ነው። ኔስካፌ በ1938 ስዊዘርላንድ ውስጥ ለገበያ ቀርቦ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ወታደሮች ስንቅ ጋር ተሰራጨ። ሁለተኛው የወረቀት ኩባያ ነው። በ1963 ሌስሊ በክ ለኒው ዮርክ የግሪክ ቡና ቤቶች የነደፈው ሰማያዊና ነጭ አንቶራ ኩባያ የከተማዋ ምልክት እስከ መሆን ደረሰ። በ1980ዎቹ የመጣው ሶሎ ትራቭለር የተባለው ጎበጥ ያለ የፕላስቲክ ክዳን ደግሞ ሰው እየሄደ ቡና ሳይደፋበት እንዲጠጣ አስቻለ፤ ዛሬ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ዱቄቱ ጣዕምን አስከፍሏል። ወረቀቱ በየመንገዱ የሚጣል ቆሻሻ አብዝቷል፤ ጠጪውንም ሌላ ሰው ባፈላለት ቡና ላይ ጥገኛ አድርጎታል።

የፍሬንች ፕሬስ ኩባያ ከነዚህ ሁሉ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ማፍላቱን ራሱን ይዞ ይጓዛል። ሰው የወደደውን ቡና ቆልቶና ፈጭቶ በትንሽ ዕቃ ይይዛል፤ ባቡር ላይ ይሁን በሥራ ቦታ ሙቅ ውሃ ያገኘ ጊዜ ትኩስ ቡና አለው። የሚላኖው ስፕሪንግና የስታንሊ የብረት ግድግዳ ባንድ ኩባያ ውስጥ ተገናኙ።

ግንኙነቱ ግን ያለ ችግር አልሆነም። በቤት ፍሬንች ፕሬስ አራት ደቂቃ ሲሞላ ተገፍቶ ቡናው ወዲያው ወደ ሲኒ ይቀዳል። በኩባያው ውስጥ ግን አተላው ከሥር ታምቆ ከቡናው ጋር ይኖራል፤ ወንፊቱ ፍርፋሪውን ቢይዝም ውሃውን አያግደውም። ውሃው ከአተላው መሳቡን ይቀጥላል፣ የቡናው መራራነቱም ይጨምራል። ሙቀት የሚይዘው ድርብ ግድግዳ ይህን ያባብሰዋል፤ ሙቅ ውሃ ከቡናው ብዙ ይስባልና። የዚህ ዕቃ ታሪክ ይኸው ነው፦ አንዱን ችግር የፈታው ፈጠራ ሌላውን ያከብዳል። አምራቾች ልዩ ልዩ መላ ሞክረዋል። የካናዳው ኤስፕሮ ለምሳሌ ሁለት ቅርጫት መሰል ደቃቅ ወንፊቶችን ደራርቦ፣ ዳራቸውን በላስቲክ አጥብቆ፣ ከተገፋ በኋላ አተላውና ቡናው እንዳይቀላቀሉ ለማድረግ ሠርቷል። ይህ ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በቶሎ መጠጣት ነው።

ጀበና ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ ፈትቶታል። ጀበና ውስጥም ቡናው ከውሃው ጋር አብሮ ይፈላል፤ የሚለየውም ወርዶ ዘንበል ተደርጎ እስኪሰክን በመጠበቅ ነው። በአንዳንድ አካባቢ አፉ ላይ የፈረስ ጭራ ፀጉር ይወተፋል። አተላውም አይጣልም፤ ለቶናና ለበረካ ውሃ ይጨመርበታል። ይህ ሥርዓት ግን መቀመጥን ይጠይቃል። መንገደኛ ጀበናውን ዘንበል አድርጎ የሚያቆይበት ቦታ የለውም፤ ወንፊቱና ዘንጉ ጠቃሚ የሚሆኑት ለእርሱ ነው።

ስለ ጤና መነሣት ያለበት አንድ ነገር አለ። በሰሜን ኖርዌይ በትሮምሶ ከተማ ከተካሄደ ሰፊ ጥናት በ1983 በወጣው ውጤት ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ብዙ ኖርዌያውያን ቡናውን ከውሃ ጋር አፍልተው፣ አተላው ሲሰክን ቀድተው ይጠጡ ነበር። ቆየት ብሎ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ምክንያቱ ካፌስቶል የተባለ የቡና ዘይት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጡ፤ በ1996 ባሳተሙት የስድስት ወር ሙከራም በፍሬንች ፕሬስ የተዘጋጀ ቡና በየቀኑ በብዛት የጠጡት ሰዎች ጎጂ ኮሌስትሮላቸው እንደጨመረ አሳዩ። የብረት ወንፊት ይህን ዘይት ያሳልፋል፤ ወረቀት ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። የድሬስደኗ የቤት እመቤት ሜሊታ ቤንትስ በ1908 በልጇ ደብተር መምጠጫ ወረቀት የጀመረችው ማጥለያ በዚህ በኩል ብልጫ አለው። አሜሪካዊው አለን አድለር በ2005 ያወጣው ኤሮፕሬስ የተባለው ቀላል የመንገድ ማፍያም ወረቀት ይጠቀማል። ስለዚህ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ፍሬንች ፕሬስን የየቀን ልማዱ ከማድረጉ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር መልካም ነው። ለሌላው ግን ያው ዘይት ነው ለቡናው ውፍረትና ለጉሮሮ ልስላሴ የሚሰጠው።

ኩባያውን ለሚገዛ አንባቢ የመጨረሻው ቃል ስለ አፈጫጨቱ ነው። ለጀበና የሚፈጨው የላመ ቡና ለዚህ ዕቃ አይሆንም፤ ወንፊቱን አልፎ ኩባያውን ያደፈርሰዋል፣ ዘንጉንም ያስቸግራል። ቡና ሲያስፈጩ ለፍሬንች ፕሬስ መሆኑን ተናግረው ግርድፍ እንዲሆንልዎ ይጠይቁ፤ በሙቀጫ የሚወቅጡ ከሆነም ሳይልም ያቁሙት። ከገፉት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ፤ ማታ ቤት ሲገቡም ወንፊቱን ከዘንጉ ፈትተው፣ በስፕሪንጉ መካከል የቀረውን አተላ አውጥተው ይጠቡት።