ጓያ፣ ሰውና ጫጩት

በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ፣ የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ በሚቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ጓያ ድርቅንም የውሃ መተኛትንም ስለሚችል፣ ሌላው ሰብል በጠፋበት ዘመን የድኻው መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ለወራት ጓያን ብቻ የተመገበ ሰው እግሩ ይተሳሰራል፤ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ሲብስበትም ይድሃል። በ1969 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያን የመታው ይኸው ደዌ ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለውን ስርጭት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ አደረጉ።

መርዙ ተለይቶ የታወቀው ግን አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ አገር ነው። ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ያወጡትን፣ ኋላ ኦዳፕ የተባለውን ንጥረ ነገር ገና ለተፈለፈሉ ጫጩቶች በመርፌ ሲሰጡ፣ የጫጩቶቹ አንገት ተቆለመመ፤ ሰውነታቸውም ተንዘፈዘፈ። ያደጉ ዶሮዎች ግን መርዙን በብዙ ተቋቋሙት።

ይህ ልዩነት ርካሽ መኖ ለሚቀምም ባለሙያ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን የሆነው ጓያ፣ ውድ የሆነውን የዶሮ መኖ ለመተካት ያጓጓል። ነገር ግን ያደገች ዶሮ በልታው ደኅና መዋሏ ለጫጩትም ሆነ ለሰው ደኅንነት ምስክር ሊሆን አይችልም።  ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው፣ መርዙ ዝቅ ያለው ዋሴ የተባለው ዝርያ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ቢሆንም መርዙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋምና፣ መኖው አስቀድሞ ሊፈተን የሚገባው በጫጩት ነው።