ግዳይ የማይቆጠርበት አደን

ስለ አደን የተጻፈው የአገራችን ታሪክ ሲገለጥ ውሻ የለበትም። ዝሆን አለ፣ አንበሳ አለ፣ ጎሽ አለ፣ አውራሪስ አለ። ጎፈር የደፋ፣ ጆሮው ላይ ወርቅ ያንጠለጠለ፣ በአዳራሽ መካከል የፎከረ ጌታ አለ። የዚያን ጌታ ስንቅ ተሸክሞ የተከተለው ሎሌ እንኳ በስሙ አይጠራም፤ ውሻውንማ ማን ሊያስታውሰው! ሆኖም አንባቢዎቼ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አማኑኤል ላይ ብትወርዱና ከከተማው ወጣ ብላችሁ ወደ ማቻክል ገጠር ብትገቡ፣ ያገኛችሁትን ሽማግሌም «በልጅነትዎ አድነው ያውቃሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ስለ ዝሆን አይሆንም። ስለ ሚዳቋ፣ ስለ ቆቅ፣ ስለ ጥንቸልና ስለ ጃርት ነው የሚሆነው። በወሬው መካከልም የአንድ ውሻ ስም ሳይነሣ አይቀርም።

እኔ የምጽፈው ስለ አያቴ ውሻ ነው። ታሪክ ነው ወይ? ትሉኝ ይሆናል። እስቲ አብረን እንየው።

የአያቴ ውሻ መከታ ይባል ነበር። ለአደን ያሳደጉት አይደለም፤ የበረት ጠባቂ ነው። ቀን በጠፍር ታስሮ ይተኛል፣ ማታ ይለቀቅና ጅብ ሲያባርር ያድራል። ሰባት ዓመት እንዲሁ ኖሯል። ከልጆቹ ጋር ይጫወታል፣ ከግልገል ጋር ይተኛል፤ ከቤተ ሰብ አይለይም። አዳኟ ሌላ ነበረች፤ እሷን በ1960 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ጅብ በላት።

ዓመቱን ልብ በሉልኝ። የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ በብዙ ቦታ የተነሣበት፣ መንግሥትም ጦር መላክ ብቻ ሳይሆን ከአውሮፕላን ቦምብ ያስጣለበት ዓመት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሸንተረር ላይ አንድ ጥይት ማጮህ ለጎረቤትም ለፖሊስም መልእክት መላክ ነው። ጥይቱም ቢሆን ውድ ነው። ውጅግራ ተሸክሞ ቆቅ የሚተኩስ ሰው ቢገኝ መንደሩ ሁሉ ይስቅበታል። በሌላ በኩል ባቄላውን ጥንቸልና ሚዳቋ፣ ድንቹን ጃርት እየጨረሱት ነው። እንግዲህ ድምፅ የሌለው፣ ወጪ የሌለው መሣሪያ ውሻ ብቻ ነበር። አያቴም የበረቱን ሽማግሌ አዳኝ ሊያደርጉት ተነሡ። ጎረቤቱ አላገጠ። «ሰባት ዓመት ሲጮኽ የኖረ ውሻ ዛሬ ምን ሊማር ነው? ድቁና ሊያስቀብሉት ነው?» አሉ አሉ።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አያቴን አጥብቄ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እንዴት አድርገው አስተማሩት?»

«እኔ ምን አስተማርሁት ልጄ፤ ያስረሳሁት ይበልጣል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት ውሻ እንጀራውን የሚበላው በጩኸቱ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ! የአደን ውሻ ግን ቀድሞ ከጮኸ ጠላት ነው፤ ቆቁ ይበራል፣ ሚዳቋዋ ገደሉን ተሻግራ ትሄዳለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ዝምታ ሆነ። ጎሕ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ መከታን በጠፍር ይዘው ወደ ሸንተረሩ ይወጣሉ። (ጤዛው ለምን አስፈለገ ብዬ ነበር፤ ሽታ በእርጥብ መሬት ላይ ይቆያል፣ ፀሐይ ከወጣ ይተናል አሉኝ።) ውሻው ባጉረመረመ ቁጥር አያቴ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ዝም እስኪል አይነሡም። ዝም ሲል ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ። እንደገና ሲያጉረመርም እንደገና ይቀመጣሉ። አንዳንድ ጠዋት ከበራፍ ሳይርቁ ፀሐይ ይወጣባቸው ነበር። ዱላ አልነካውም። «ቡችላ ቢመታ ይረሳል፤ አሮጌ ውሻ ከተመታ ግን ቤቱ ይገባና አይወጣልህም» ነው ያሉኝ።

ዝምታው ከተያዘ በኋላ ሽታው መጣ። አባቴ ያኔ ሕፃን ነበር። የጥንቸል ቆዳ በገመድ አስረው ሰጡት፤ በገለባው ላይ እየጎተተ ሄዶ ቁጥቋጦ ሥር ይደብቀዋል። መከታ እያነፈነፈ ሲያገኘው ቋንጣ ይጎርሳል። መጀመሪያ በቀጥታ፣ ቀጥሎ በጠማማ መንገድ፣ በመጨረሻ ምንጭ አሻግሮ። ከዚያ የጎረቤት አዳኝ ውሻ ተከትሎ ጥቂት ቀን ዋለ። «ጃስ!» የሚለውን ቃል ከጅብ ማባረር ያውቀው ስለ ነበር ያንን መማር አላስፈለገውም፤ ጃስ እስኪባል መጠበቅን እንጂ።

ዕድሜው የጎዳውም የጠቀመውም ነገር አለ። ወጣት ውሻ ከመንጋ አጠገብ ሲለቀቅ ግልገል ያሳድዳል፤ አዳኙም ከጎረቤት ይጣላል። መከታ ከበግ ጋር ያደገ ነውና ይህን ትምህርት ጨርሶ አልፈለገም። ስሙ ሲጠራም ሳያቅማማ ይመለሳል። ሩጫው ግን አልሆነም፤ ልቡ ነው እንጂ እግሩ አይደርስም። ስለዚህ አያቴ ውሻውን ሳይሆን አደኑን ለወጡት። መከታ ቁጥቋጦውን በዝግታ እየፈተሸ ያስወጣል፣ ልጆቹ ዱላና ወንጭፍ ይዘው በመውጫው በኩል ይጠብቃሉ። ጃርት ላይ ፈጽሞ አይለቁትም ነበር፤ እሾኹ የስንቱን ውሻ አፍ እንዳበላሸ ያውቃሉና።

የግሪኩ ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ውሻ አደን በጻፈው መጽሐፍ ሴቷ በ8 ወር፣ ወንዱ በ10 ወር ለጥንቸል አደን ይውጡ ይላል። የአያቴ ተማሪ የ7 ዓመት ጎልማሳ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የቪየና ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ አሮጌ ውሾች አዲስ ነገር ለመያዝ ከወጣቶቹ ይበልጥ ድግግሞሽ ቢያስፈልጋቸውም፣ የማይሆነውን ጥሎ የሚሆነውን በመለየት ፈተና ግን ከወጣቶቹ እንደሚበልጡ አሳይቷል። አያቴ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ለዚህ ቪየና ድረስ ምን አስኬዳቸው?» አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መከታን ለመማር ያስቸገረው ዝምታም ሽታም አልነበረም፤ ይዞ አለመቅደድ ነበር። ይህ ደግሞ የአያቴ አመል ሳይሆን የሃይማኖት ሕግ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 አውሬ የቦጨቀውን ሥጋ ሰው እንዳይበላው፣ ለውሻ እንዲጣል ያዛል። ስለዚህ ሚዳቋን ውሻ ከገደላት ለክርስቲያን ቤት ጥንብ ናት። አዳኙ በሕይወት ደርሶባት «በስመ አብ» ብሎ በቢላዋ ማረድ አለበት። ጥንቸልና ሽኮኮ ደግሞ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከነጭራሹ የተከለከሉ ናቸው፤ ያመሰኳሉ፣ ሰኮናቸው ግን አልተሰነጠቀም ተብሏል። በዚህ የተነሣ በማቻክል አደን አስቂኝ ክፍፍል ነበረው። ሚዳቋና ቆቅ የሰውዬው፣ ጥንቸል የውሻው። አያቴ ጥንቸሏን የሚያሳድዱት ስለ ባቄላው ሲሉ ነው፤ ሥጋዋን የሚበላው ግን መከታ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ያው አንድ ውሻ ጥንቸል ስትሆን እንዲቦጭቅ ተፈቅዶለት፣ ሚዳቋ ስትሆን ጥርሱን ይዞ እንዲጠብቅ መማር አለበት!

የሙስሊም ወገኖቻችን ሕግ በዚህ ይለያል። ቁርኣን በአል ማኢዳ ምዕራፍ ቁጥር 4 ላይ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ ለጌታው የያዘውን፣ የአላህ ስም ከተጠራበት፣ መብላትን ይፈቅዳል። በሐዲስ እንደተነገረው መለኪያው ውሻው ራሱ ከሥጋው አለመብላቱ ነው፤ ከበላ ለራሱ ነው የያዘው። እንግዲህ በአንዱ ሕግ የውሻው ትምህርት ሥጋውን ሐላል ያደርጋል፤ በሌላው ደግሞ ትምህርቱ አዳኙ በጊዜ እንዲደርስ ያግዛል እንጂ የቢላዋውን ቦታ አይተካም። ሁለቱም ግን ከውሻው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ራስን መግዛት።

የሚበላውና የማይበላው ነገር የሰውን ማዕረግ ሳይቀር ወስኗል። በጣና ዳር የኖሩት ወይጦዎች ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የገደሉት አውሬ ከጎሽ የማይተናነስ ነው፤ ነገር ግን ሥጋውን ስለ በሉ ጎረቤቱ ተጸየፋቸው እንጂ ማንም አልፎከረላቸውም። እንግዲህ ክብሩ በአውሬው ትልቅነት ብቻ ሳይሆን በገዳዩ ማንነት የሚለካ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል። ሕጉም የተከተለው የጌቶቹን ዓይን ነው፤ በአጼ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው የመጀመሪያው የአደን ደንብ በተለይ ያተኮረው በዝሆን ላይ ነበር። ስለ ቆቅ ማን ይጨነቃል? ቤተ መንግሥትም ቢሆን ውሻ አላጣም፤ የአጼ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ ውሻ ሉሉን ያልሰማ የለም። ነገር ግን ያ የምንጣፍ ውሻ ነው።

የድሮው ድሮ ግን ሌላ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት የግብጽ ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ይዘው ከተመለሱት ነገር መካከል፣ ከከርቤ ዛፍ፣ ከዝንጀሮና ከነብር ቆዳ ጋር፣ ውሾች እንደ ነበሩ በደይር ኤል ባሕሪ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ፑንት የት እንደ ነበረች ክርክሩ ባይዘጋም በዝንጀሮዎቹ ቅሪት ላይ የተደረገው ምርመራ የኢትዮጵያንና የኤርትራን አካባቢ ያመለክታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው አጋታርኪደስም ከኢትዮጵያውያን ወገን ውሻ የሚያልቡ፣ በብዙ ውሻም የዱር ከብት የሚያድኑ ሰዎች አሉ ብሎ ጽፏል። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ የዛሬዋን ካርታ ማለታቸው አልነበረም፤ የውሻ ወተቱን ነገርም ለእነሱ እንተውላቸው። ቁም ነገሩ የውጭ ሰው እንኳ ያየውን ውሻ የእኛ ጸሐፊ አለማየቱ ነው።

ይህን ስጽፍ ተነሡና ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ ማለቴ አይደለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፤ አያቴ ያደረጉት ዛሬ ያስከስሳል። ከሕጉም በላይ በሽታው አለ። በ1903 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን ያስጨነቀው የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ከገጠሩ አልጠፋም። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003ና በ2008 ከውሻ የተላለፈው ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። ከአማኑኤል ሸንተረር ሆኖ በጥሩ ቀን የሚታየው የእኛው ጮቄ ተራራም የራሱ ቀይ ቀበሮ ነበረው፤ ዛሬ የለውም። ሜዳው ታርሷል፣ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ሆኗል። አያቴ «ሚዳቋ ካየሁ ስንት ዘመኔ» ይላሉ፤ ሲሉትም አዳኝ እንደ ነበሩ የረሱ ይመስላሉ።

መከታ አራት ዓመት አደነ። በ1964 ዓ.ም. ክረምት ሞተ። በመጨረሻው ጊዜ ዓይኑ ፈዞ ነበር፤ ጥርሱም አልቋል። ግን በማለዳ ከወንዙ በኩል ቆቅ ሲጮኽ ከሰማ ከተኛበት ይነሣና ፊቱን ወደ አያቴ ያዞራል። አይጮኽም። ጃስ እስኪሉት እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።