ጠገራ ብር እና እፍኝ ኮሶ
ጠገራ ብር፣ የደረቀ የሴቴ ኮሶ አበባ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የእንክብል ማሸጊያ

ጠገራው ብር መገበያያ ብቻ አልነበረም። 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን ወቄት የሚለካው በእሱ ነበር፤ ወርቅም ዝባድም በእሱ ተመዝኗል። በኦስትሪያዋ ገዥ በማርያ ቴሬዛ ምስል ጀርባ 1780 የሚለውን ልብ ይበሉ፤ ብሩ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ የታተመው ያንኑ ዓመት እንደያዘ ነው።

የኮሶ ትል መድኃኒቱ ኮሶ ግን የሚሰፈረው በእጅ ነው። በመንዝ ደጋ ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ተበጥብጦ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። መጠኑ እፍኝ ነው። የማን እፍኝ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የአራሽ መዳፍና የልጅ እግር መዳፍ አንድ አይደለም። አበባው ከከረመ ኃይሉ ይደክማል፤ መጠኑ ካለፈ ደግሞ ያስመልሳል፣ ዓይንም ሊጎዳ ይችላል። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይህንኑ አበባ አስመጥተው በሚዛን ይሰጡ ነበር።

በቀኝ በኩል ያለው ማሸጊያ የፕራዚኳንቴል ነው። ለኮሶ ትል በኪሎ 10 ሚሊግራም ከታዘዘ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 600 ሚሊግራም ይወስዳል፦ አንድ እንክብል።