ኮኔክቲቪዝም፦ ትስስራዊ ትምህርት

ካናዳዊው ጆርጅ ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው «ኮኔክቲቪዝም» በአማርኛ «ትስስራዊ ትምህርት» ቢባል ይስማማዋል። ሲመንስ እንደሚለው ቀደምቶቹ የትምህርት ንድፈ ሐሳቦች መማርን በአንድ ሰው ውስጥ የሚፈጸም ነገር አድርገው ያያሉ። ለእሱና ንድፈ ሐሳቡን አብሮት ላዳበረው ለስቲቨን ዳውንስ ግን ዕውቀት በሰዎች፣ በመጻሕፍትና በመሣሪያዎች ዘንድ ተበትኖ ይገኛል፤ መማር ማለት እነዚህን ቋጠሮዎች ማያያዝ፣ የትኛው እንደሚታመንም መለየት ነው።

ከሲዳማ ገጠር መጥቶ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግብርና የሚማር አንድ ልጅ እናስብ። እህቱ በጓሯቸው የጠወለገ እንሰት ፎቶ በቴሌግራም ትልክለታለች፤ ቅጠሉ ታጥፎ ወድቋል፣ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያዣል። ልጁ ፎቶውን በክፍላቸው ግሩፕ ይለጥፈዋል። አንዱ «አጠውልግ ነው» ይላል፤ ሌላው ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ በሽታው ያሳተሙትን ጥናት ይጠቅሳል። መምህሩ ባክቴሪያው በቢላዋ ከተክል ወደ ተክል እንደሚተላለፍ፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላዋውን በእሳት ማጽዳት እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። የትኛው የእንሰት ዓይነት በሽታውን እንደሚቋቋም የምታውቀው ግን እናቱ ናት። ሙሉ መልሱ በአንዳቸውም ዘንድ የለም፤ ልጁ እነሱን በማገናኘቱ ተምሯል።

ንድፈ ሐሳቡ ተቺዎች አሉት። ኔዘርላንዳዊው ፕሎን ፈርሃገን እ.ኤ.አ. በ2006 ንድፈ ሐሳቡ ምን እንማር የሚለውን እንጂ እንዴት እንደምንማር አያብራራም ሲል ሞግቷል። ትችቱ ክብደት አለው፤ ግሩፑ ያቀበለውን መልስ አእምሮ እንዴት የራሱ እንደሚያደርገው ትስስራዊ ትምህርት ብዙም አይነግረንም። ቢሆንም ለአስተማሪ ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ እውነተኛ ትስስርን ከፋይል ክምችት እንዲለይ ይረዳዋልና።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችና ሞጁሎች በፒዲኤፍ የሚጫኑበት፣ ማንም ማንንም የማይጠይቅበት የቴሌግራም ቻናል መጋዘን እንጂ ትስስር አይደለም። ተማሪው መቶ ፋይል አውርዶ አንዱንም ከሌላው ጋር ሳያመሳክር ሴሚስተሩ ያልቃል። የሞባይል ዳታ የሌለው ደግሞ መጋዘኑ ጋም አይደርስም።

መፍትሔው የግድ ውድ ቴክኖሎጂ አይደለም። መምህሩ አሳይመንት ሲሰጥ ተማሪዎቹ መልሱን ከማን እንዳገኙትና ለምን እንዳመኑት እንዲጽፉ ይጠይቅ። የእንሰቱ ልጅ የሚያስረክበው ወረቀት ላይ የእናቱ ቃል ከታተመው ጥናት ጎን ተጽፎ፣ እኩል ተመርምሮ፣ እኩል ማርክ ሊያሰጠው ይገባል።