በሞተሩ ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ

በካርቡራተር ዘመን የመኪናውን ጉልበት መጨመር የፈለገ ሰው መፍቻ ያነሣ ነበር። ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ ግን የነዳጁን መጠንና ጊዜ የሚወስነው በውስጡ የተጻፈው ፕሮግራም ነው። በአሜሪካ የፒክአፕ መኪኖችን ፕሮግራም ሁለት ወገኖች ይለውጡታል፤ የፋብሪካው ወኪል ለማደስ፥ የግል ጋራዥ ጉልበት ለመጨመር።

የአገሪቱ የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን ማሰናከል ለሁለቱም ይከለክላል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፥ በ10 ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክአፖች መቆጣጠሪያቸው እንደተነሣ ገመተ። ጥፋቱም የጋራዦች ብቻ መሰለ። ይሁን እንጂ የሞተር ሠሪው ከሚንስ፥ ከ2013 እስከ 2019 በተሠሩ 630,000 ያህል ራም ፒክአፖች ላይ የጭስ ቁጥጥርን የሚያታልል ፕሮግራም አስገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። በ2024 እ.ኤ.አ. በተደረገው ስምምነት 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍልና መኪኖቹን በአዲስ ፕሮግራም ሊያርም ግዴታ ገባ። በሌላ በኩል፥ በካሊፎርኒያ ተፈትኖ የሚፈቀድ የግል ማሻሻያ አለ።

እንግዲህ ለተማሪዎቻችን ልናስጨብጥ የሚገባን ቁም ነገር ይህ ነው፤ ዳኛው የወኪሉ ማኅተም ሳይሆን ከጭስ ማውጫው የሚገኘው ልክ ነው።